በድምፅ ብልጫ የተቀጠለ ቧንቧ

ነገርን ሁሉ በድምፅ ብልጫ ካልሆነ የማይጨርስ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በደርግ ጊዜ ወረታ አስተማሪ ሳለሁ ገጥሞኛል፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። ቢችል ክረምት የሚገባበትንም ቀን እጅ ያስወጣበት ነበር።

አንድ ቀን የቦኖው ውሃ መስመር ተሰበረ። ለብረቱ ቧንቧ መቀጠያ የተገኘው ደግሞ የመዳብ ቁራጭ ብቻ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው አያ ፈንቴ በቀበሌው ስብሰባ ላይ፣ "ውሃ ሲያገኛቸው መዳቡ ብረቱን በዝገት ያስበላዋል፤ መሃላቸው ጎማ ይግባ" አሉ።

ሊቀመንበሩ ፊቱ ተለወጠ። "ጓድ ፈንቴ፣ ሰው መከፋፈሉ አልበቃ ብሎ ብረት እንከፋፍል? ያለ ጎማ ይቀጠል የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ።"

ከአያ ፈንቴ በቀር ሁላችንም አወጣን። እንዲያውም ሳልዋሽ ልንገራችሁ፣ የእኔ እጅ ቀድሞ ነበር የወጣው።

በሁለተኛው ክረምት የፎገራ ሜዳ ባሕር ሆኖ ተኛ፤ የእኛ ቦኖ ግን ጠብ አይልም። ተቆፍሮ ሲታይ ብረቱ መጋጠሚያው ላይ ወንፊት ሆኗል። ሊቀመንበሩ ወዲያው ስብሰባ ጠራ፤ አጀንዳው "ቧንቧውን ማን አበላሸው?" የሚል ነበር።

አያ ፈንቴ አጠገቤ ተቀምጠው ነበርና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"መምህር፣ ለመሆኑ የምታስተምረው ምንድን ነው?"

"ኬሚስትሪ" አልሁ፣ አንገቴን ደፍቼ።