ኦቦ ጃልዴሳ ሳንባ ሲያነቡ

ሐኪም የጠፋበት ሆስፒታል አይታችሁ ይሆናል፤ ሁሉን አዋቂ ጠያቂ የጠፋበት ግን የለም። ነጌሌ ሂዱ፣ ሜጋ ሂዱ፣ ዶሎ ኦዶ ሂዱ፣ ይሄ ሰውዬ አለ። የተኛበት ዘመድ የለውም፤ ግን ጠዋት ከነርሶቹ ቀድሞ ይደርሳል። ከአልጋ አልጋ ይዞራል፣ የሰው ምርመራ ያነባል፣ ሐኪም ያዘዘውን ይሽራል።

የኛ ከተማው ክቡር ኦቦ ጃልዴሳ ናቸው። ደግሞ እንደ ሌላው አይደሉም፣ ሞራ ገላጭ ናቸው። ከብት ሲታረድ ሆድ ዕቃውን ዘርግተው ዝናቡንም ጠቡንም ይናገራሉ። "ይሄ ግልጥ ነው" ይላሉ ሁሌ። ግልጥ ያልሆነ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም። የኔ ባጃጅ አልነሳ ስትል እንኳን አንዴ አይተው "ጉበቷ ነው" ብለውኛል።

በኮሮናው ጊዜ ዶክተር እድላዊት አንድ መሣሪያ ይዛ መጣች። እንዴት እንደወደድኩት! እጅ ላይ የምትያዝ ነገር ናት፣ ከስልክ ጋር ትገናኛለች። በሽተኛው ለራጅ መነሳት የለበትም፤ እዛው አልጋው ላይ ደረቱንና ጀርባውን ቅባት ቀብታ ስታስኬድበት ሳንባው ስልኩ ላይ ይታያል። ለነፍሰ ጡር የሚያደርጉት አልትራሳውንድ ለካ ለሳንባም ይሆናል። ስምንተኛን ያልጨረስኩት እኔ እንኳን ገባኝ፤ ጤነኛ ሳንባ አግድም አግድም መስመር ያሳያል፣ ቫይረሱ የጎዳው ግን ነጭ ጭረት ከላይ እስከ ታች ያወርዳል። ጭረቱ ሲበዛ ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው።

ኦቦ ጃልዴሳ ከዶክተሯ ትከሻ ኋላ ቆመው አዩት። ያኔ ድርቅ ነው፤ ከብቱ እያለቀ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል። ነጩን ጭረት ሲያዩ፣ "ሮባ ነው፣ ዝናብ። ይሄ ግልጥ ነው" አሉና በሽተኛውን መረቁት።

ከዚያማ ሳንባው የባሰበት ሁሉ የተባረከ ሆነ። ቦናያ የሚባል ከሻኪሶ የመጣ ወርቅ ቆፋሪ፣ አግድም መስመር ብቻ ወጥቶለት "ድርቅ" ሲሉት፣ መዳኑን ትቶ ሲያኮርፍ ዋለ። ዶክተሯ ብታስረዳ ማን ሊሰማ? ወደ ኦሮምኛ የሚተረጉሙላት ራሳቸው ኦቦ ጃልዴሳ ናቸው፤ ሲተረጉሙ ደግሞ የራሳቸውን ይጨምራሉ።

እኔ እስቅ ነበር። እናቴ ሰንበቴ ራሷ ታማ እስክትተኛ።

መሣሪያው ደረቷ ላይ ሲያርፍ ስልኩ ነጭ በነጭ ሆነ። ኦቦ ጃልዴሳ እጃቸውን ዘርግተው መረቋት፤ እንዲህ ያለ ዝናብ አባታቸውም አላዩም አሉ። የዶክተሯ ፊት ተለወጠ፣ ኦክስጅን አሁኑኑ አለች። እናቴ እምቢ። ኦክስጅን የተደረገለት አይተርፍም የሚል ወሬ ከተማውን ሞልቶታል።

"የተመረቅኩ ሰው ነኝ፤ ቤቴ ውሰደኝ" አለችኝ፣ በየቃሉ መሃል አየር እየፈለገች።

ለመንኳት፣ አለቀስኩ። በኋላ ወደ ሰውዬው ዞርኩ። "ኦቦ፣ እርስዎ ይንገሯት።"

ስልኩን ትተው ወደ እሷ ጎንበስ አሉ። እኚህ ሰውዬ! ከንፈሯን አዩት፣ ጠቁሯል። ክፍሉ በሙሉ እሳቸውን ነው የሚያየው። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ሰንበቴ፣ ተሳስቻለሁ" አሉ። "ዝናብ ሜዳ ላይ ሲሆን ነው። ቤት ውስጥ የዘነበ ጎርፍ ነው። ልጅቷ ያለችውን አድርጊ።"

እናቴ ጭምብሉን ተቀበለች። አንዱ ከጥግ፣ ዛሬስ ግልጥ አልነበረም እንዴ፣ ብሎ ሳቀ። እሳቸው በትራቸውን አንስተው ወጡ፤ ከዚያም አልመጡም። ክፍሉ እንዴት እንደቀዘቀዘ አትጠይቁኝ።

እናቴ ትንፋሿ ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቀችው እሳቸውን ነው። ባጃጄን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፍ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ናጋ ናጋ ብለን ሰላም ተባባልን።

"ልትሰድበኝ ነው?" አሉ።

"አይ፣ እናቴ ሰለቸኝ፣ ይምጡልኝ ነው የምትለው። አዲስ በሽተኞችም ገብተዋል።"

"ስንት ናቸው?" አሉኝ፣ ባጃጁ ውስጥ ሆነው። መቼ እንደገቡ እንኳን አላየሁም።

በረጅሙ መንገድ ዞሬ ወሰድኳቸው። ሲያወሩ መስማት ናፍቆኝ ነበር።