የቫርፔት ቫራዝዳት እርማት

አሮጌ ግንብ ባለበት አገር ሁሉ፣ ከግንቡ የበለጠ የሚያውቅ አንድ ሰው ግንቡን ተደግፎ ቆሞ አይታጣም። ማንም አልጠራውም፣ ማንም አልጠየቀውም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይጠብቃል፤ እናንተ አፋችሁን ስትከፍቱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። የእኛው ክቡር ቫርፔት ቫራዝዳት ይባላሉ፤ የሎራቫንክ ገዳም ሊቀ ሊቃውንት፣ የድንጋዮች ጠበቃ፣ የአስጎብኚዎች መቅሠፍት። ቫርፔትነቱን፣ ማለትም የባለእጅ አለቃ መባሉን፣ ያገኙት በሙያቸው ነው፤ በጉልምስናቸው የመንደሩን ቤት ሁሉ ጄሶ የለሰኑት እሳቸው ናቸው። የቀሩትን ማዕረጎች የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ መቅሠፍቱ የወረደብኝም እኔው ላይ ነው።

እኔ ሲራኑሽ እባላለሁ። የሎራቫንክ ቁልፍ ያዥና አስጎብኚ ነኝ። አንገቴ ላይ የማንጠለጥለው መታወቂያ አለኝ፣ ከዋና ከተማችን ከየሬቫን የተሰጠኝ የምስክር ወረቀት አለኝ፣ አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን የብረት ቁልፍ አለኝ። ቫርፔት ቫራዝዳት ከእነዚህ አንዱም የላቸውም። እሳቸው ያላቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እንደሱ አይደለም።»

«ቤተ ክርስቲያኑ ተሠርቶ ያለቀው በ1223 ነው» እላለሁ ለእንግዶች።

ከኋላ «እህም» የሚል ይሰማል። «ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እንደሱ አይደለም። በ1223 ያለቀው ግድግዳው ነው። ጉልላቱ የተከደነው በዓመቱ ነው። ክዳን የሌለው ቤት አለቀ ይባላል እንዴ? አንቺ ክዳን የሌለው ቤት ውስጥ ታድሪያለሽ?»

እንግዶቹ ይስቃሉ። እኔም ጥርሴን ነክሼ እስቃለሁ። «ግድግዳው ቱፍ የሚባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው» ብዬ ላመልጥ እሞክራለሁ። «ቱፉማ ልብሱ ነው» ይላሉ። «ከውጭ አንድ ረድፍ፣ ከውስጥ አንድ ረድፍ፤ መሐሉን የሞላው ኖራና ስብርባሪ ድንጋይ ነው። አንቺን ቆዳ ናት ብዬ ለሰው ባስተዋውቅሽ ደስ ይልሻል?»

ባለፈው ዓመት አንድ የጊዩምሪ ከተማ ጎረምሳ የሚወዳትን ልጅ ይዞ መጣ። ቀለበቱ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ያስታውቃል፤ በየደቂቃው ይደባብሰዋል። ከደቡቡ ግድግዳ ሥር አቆማትና ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ በጣቱ እየተከተለ፣ «ይሄ አንድ መስፍን ለሚወዳት ሴት የገባው ቃል ነው» አላት። ልጅቷ እንባ አቀረረች።

«እህም። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እንደሱ አይደለም። እሱ የዘይት መጭመቂያ ነው።»

«ምን?» አለ ጎረምሳው።

«መስፍኑ ለገዳሙ የሰጠው የዘይት መጭመቂያ። ‹ይህን መጭመቂያ ከገዳሙ የወሰደ በሦስት መቶ አሥራ ስምንቱ አባቶች የተረገመ ይሁን› ነው የሚለው። በል አሁን ቀጥል፣ ጠይቃት።»

ልጅቷ በሳቅ እየፈረሰች እሺ አለችው። ሠርጋቸውን እዚሁ አደረጉ። ቫርፔትም ተጠርተው ሄዱና የሙሽራውን አባት ስለ ጥብሱ ፍም አረሟቸው።

ሌላ ጊዜ አንዲት ባልቴት የስለት አውራ ዶሮ ታቅፋ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ዞራ ስትጨርስ፣ አነሣስሽ ከማይሆን ማዕዘን ነው ብለው ከመጀመሪያው አስጀመሯት። ዶሮው ከመታረዱ በፊት ስድስት ዙር አስጎበኙት ማለት ነው፤ እኔ ለእንግዶቼ ከአንድ ዙር በላይ ሰጥቼ አላውቅም።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ለመሠዊያው ጀርባ አንሰጥም፤ ወደ ኋላ እየተራመድን ነው የምንወጣው። ቫርፔት ወደ ኋላ እየሄዱም ያርማሉ። አንድ እሑድ ቄሳችን ቴር ሁሲክ በስብከታቸው የጠቀሱት ዘመን ስሕተት መሆኑን እያስረዱ ሲወጡ፣ በአሸዋ ከተሞላው የሻማ ማብሪያ ጋር ተጋጭተው አሸዋው ላይ ዘጭ አሉ። ስናነሣቸው ሱሪያቸው ሰም በሰም ሆኗል። «ዘመኑ ግን ልክ አይደለም» አሉ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ጄሶውን ነው።

በሰሜኑ ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ ተነሥቶ እስከ ጉልላቱ አንገት የሚወጣ ስንጥቅ አለ። የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት፣ ከታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ፣ በረዶው እንደቀለጠ፣ ቫርፔት መሰላል ተሸክመው መጡና ስንጥቁን እያሻገሩ አሥራ አንድ ቦታ ላይ መዳፍ መዳፍ የሚያህል ጄሶ ለጠፉ። በእያንዳንዱ ላይ ቀኑን በሚስማር ጻፉበት። «ጄሶ መለጠጥ አያውቅም» ይላሉ። «ግድግዳው የፀጉር ያህል ከተላወሰ እሱ ይሰነጠቃል። እሱ ደኅና ከሆነ ግድግዳው ደኅና ነው።» ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በረዶ ሲቀልጥና ቅጠል ሲረግፍ፣ አጉሊ መነጽር ይዘው መሰላሉን ይወጣሉ፤ አሥራ አንዱንም ያያሉ፤ ሰማያዊ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ።

መንደሩ ሲቀልድባቸው ኖሯል። «ቫርፔት፣ ታማሚው እንዴት አደረ?» ይላቸዋል አንዱ ከመንገድ ማዶ።

«እሱስ ደኅና አድሯል። አንተ ነህ ጠጥተህ ያደርከው» ይላሉ።

እኔ ግን ቀልዱ አልታየኝም። ሰው ከስንት አገር መጥቶ ስምንት መቶ ዓመት የቆየ ግድግዳ ፎቶግራፍ ሲያነሣ፣ መሐሉ ላይ ነጭ ነጭ ነገር! «ይሄ ምንድን ነው?» ይሉኛል። «እድሳት ነው» እላለሁ። ከኋላ «እህም» ይመጣል፤ ግማሽ ሰዓቴ ይሄዳል።

እንግዲህ ኃጢአቴን ልናገር። የዛሬ ስምንት ዓመት ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ጠዋት ወለሉን ጠርጌ ሳበቃ፣ ጉልበቴ ከፍታ ላይ ያለችው የመጨረሻዋ ጄሶ ዓይኔን ወጋችው። በቁልፌ ጫፍ ፋቅ ፋቅ፣ ፋቅ አደረግኋት። ቀጭ አለችና መሐሏ ላይ ለሁለት ተሰነጠቀች፤ ልክ ግድግዳው የሰነጠቃት መስላ። ሻማ የምናስቀምጥበትን ትልቅ ሣጥን ጎትቼ ሸፈንኳት።

ያን ቀን ከሰዓት ቫርፔት መጡ። ሣጥኑ ሲጎተት ከውጭ ሰማሁ። ከዚያ ሣጥኑ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሲወጡ ፊቴ ቆሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፍርዴን ጠበቅሁ።

«ዛሬ ብርድ ነው» አሉና ሄዱ።

ዓይናቸው ደክሟል፣ አላዩም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ነገር ግን በዚያ ሣጥን አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔን ወደ ሌላ አዞር ነበር።

ዘንድሮ በሐምሌ፣ ከጣራው ጠርዝ ላይ ቡጢ የሚያህል ድንጋይ ወደቀ። ሰው ላይ አይደለም፤ ባዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ሆኖም ወሬው የሬቫን ደረሰና ኢንጂነር ዛቬን የሚባል ወጣት መሐንዲስ ተላከ። ቤተ ክርስቲያኑ ይዘጋ ወይስ አይዘጋ የሚወስነው እሱ ነው። የወይን ቡራኬ በዓላችን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ቡራኬው ሳይደረግ ከመንደራችን አንድ ሰው የወይን ፍሬ አፉ ውስጥ አያስገባም። ደግሞ መታጠር የሚባለውን ነገር እናውቀዋለን፤ ማዶ ያለው ገዳም «ለጊዜው» ተብሎ ከታጠረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አጥሩ መሐል ዛፍ በቅሏል።

ኢንጂነር ዛቬን ስንጥቁን ከታች እስከ ላይ አየና ራሱን ነቀነቀ። «እኔ የማየው የዛሬን ነው» አለ። «ይሄ ስንጥቅ የቆመ ይሁን እየሄደ ያለ፣ በአንድ ቀን አይታወቅም። መሣሪያ ተክለን ሁለት ሦስት ዓመት መከታተል አለብን። እስከዚያ ይዘጋል።»

ቴር ሁሲክ በቁማቸው አረጁ። እኔ ቁልፌን ጨብጬ ቀረሁ። ለሃያ ሁለት ዓመት በየጠዋቱ የከፈትኩትን በር እንዴት አድርጌ ልዝጋው?

«እህም» የሚል ከኋላ መጣ። «ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እንደሱ አይደለም።»

ቫርፔት ደረታቸውን ነፍተው ወደ ነጮቹ ልጥፎች አመለከቱ። መሐንዲሱ በመጀመሪያ አልገባውም። ቀኑ በሚስማር ተጽፎ ሲያይ ግን መሰላሉ ላይ እንደ ድመት ወጣ። መብራቱን ከአንዱ ወደ አንዱ እያዞረ፣ «ደኅና ናት… ይቺም ደኅና ናት… አባባ፣ እርስዎ ማን ነዎት?» ይላል። አሥሩን አይቶ ወረደ። ፊቱ በርቷል። «ስንጥቁ ከወለሉ ይነሣል፤ ከሥር የተለጠፈ የለም?»

ማንም ሳይነግረው የሻማ ሣጥኑን የላይኛውን ጫፍ ይዞ ከግድግዳው ዘንበል አደረገው። ጎንበስ አለ። ሲነሣ ፊቱ ተለውጧል።

«ይቺ ተሰብራለች» አለ። «ከሥር እየተንቀሳቀሰ ከሆነ የላዮቹ ደኅንነት ዋጋ የለውም። አዝናለሁ። ይዘጋል።»

ቫርፔትን አየኋቸው። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ስለ ድንጋይ፣ ስለ ዶሮ፣ ስለ ፍም የሚናገሩት ሰው ወደ ጉልላቱ አንጋጠው ዝም አሉ። ሠላሳ አምስት ዓመት የለፉበት ሥራ በእኔ ቁልፍ ሊጠፋ ነው፤ እሳቸው ዝም!

«እኔ ነኝ» አልኩ። «በቁልፌ ሰብሬያት ነው። ግድግዳው አይደለም፣ እኔ ነኝ!»

ኢንጂነር ዛቬን በሐዘኔታ አየኝ። «እመቤት ሲራኑሽ፣ እንዳይዘጋ ብለው እንደሆነ ይገባኛል። ግን በምን አምናለሁ?»

በምን ያምናል? ሣጥኑ ላይ ተቀመጥኩ።

«ተነሺ ልጄ፣ እሱን ነው የምናነሣው» አሉ ቫርፔት። ከኮታቸው ኪስ ሰማያዊውን ደብተር አወጡ፤ ገጹን ሳይፈልጉ ገለጡና ለመሐንዲሱ ሰጡት። ጮክ ብሎ አነበበው፦

«ማክሰኞ። ታችኛዋ ተሰብራለች። ግድግዳው አይደለም፣ ቁልፍ ነው፤ ሦስት ጭረት አለ። ሲራኑሽ ናት። ለማንም አይነገር። ረቡዕ፣ ሲራኑሽ ምሳ ስትሄድ፣ ከሥሯ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ አዲስ ተለጥፏል።»

ሣጥኑን ለሦስት ተሸክመን ሙሉ በሙሉ አራቅነው። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብላ፣ አቧራ ለብሳ፣ አንዲት ጄሶ ተቀምጣለች። መሐንዲሱ በደረቱ ተኝቶ በእጅጌው ጠረጋት። መብራቱን አስጠጋ።

«ንጹሕ ናት» አለ ከወለሉ። «ስምንት ዓመት፣ የፀጉር ያህል ስንጥቅ እንኳ የለባትም። ቁልፍዎን ያምጡ… አዎ፣ በተሰበረችው ላይ ያለው ጭረትም ልኩ ነው።» ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። «የጣራውን ጠርዝ ትጠግናላችሁ፤ እስኪጠገን በዚያ በኩል ሰው እንዳያልፍ ገመድ ይታሰራል። ቤተ ክርስቲያኑ አይዘጋም። ሠላሳ አምስት ዓመት የተከታተለ ሰው እያለ እኔ ምን ልጨምር?»

«ይቅርታ ይደረግልኝና» አሉ ቫርፔት፣ «ሠላሳ አምስት ዓመት ከአራት ወር ነው።»

ቴር ሁሲክ አማተቡ። እኔ እየሳቅሁ አለቀስኩ፤ ከትከሻዬ ላይ ስምንት ዓመት የወረደልኝ መሰለኝ። መሐንዲሱን ሸኝተን ስንመለስ ጠየቅኋቸው።

«ቫርፔት፣ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አሉኝ?»

«አንቺ መቼ ጠይቀሽኝ!» አሉ። በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እስኪጠየቁ የጠበቁት ለዚህ ነው እንግዲህ።

«ዛሬስ? ሊዘጋብን ሲል?»

«ሰው ራሱ እስኪናገር አንድ ደቂቃ አይጠበቅም እንዴ፣ ሲራኑሽ ጃን፣ ልጄ? ደብተሩ እንደሆነ ኪሴ ውስጥ ነው።»

የወይን ቡራኬው እሑድ ደረሰ። ግቢው በቅርጫት ሞላ፤ ቴር ሁሲክ ባረኩ፤ ሰው ሁሉ ወይኑን መጉረስ ጀመረ። ከቫናዞር የመጡ እንግዶች ነበሩና ወደ ውስጥ አስገባኋቸው። አንዷ ወደ ሰሜኑ ግድግዳ እያሳየች ነጩ ነገር ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። በዚህ ጊዜ «እድሳት ነው» አላልኩም። ከነታሪኩ አስረዳኋትና፣ በልማድ፣ «በጠቅላላው አሥራ አንድ ናቸው» ብዬ ጨረስኩ።

ከኋላ «እህም» መጣ። ጠበቅሁ።

«ትክክል ብላለች» አሉ ቫርፔት ቫራዝዳት።

ተከትሎን የገባው የመንደሩ ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እሳቸው የያዙትን ዘለላ አተኩረው እያዩ ነው። አሥራ ሁለት ቢሉ፣ አሥራ ሁለተኛዋ ለምን ተጨመረች የሚል ይመጣላ! እኚህ ሰው ለመስፍንም፣ ለቄስም፣ ለሙሽራም ሲሉ አንድ የተሳሳተ ቁጥር አሳልፈው አያውቁም። ለእኔ ሲሉ አሳለፉ። አልቻልኩም።

«ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እንደሱ አይደለም» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «አሥራ ሁለት ናቸው። አሥራ ሁለተኛዋ የመጣችው አንዷን እኔ በዚህ ቁልፍ ስለሰበርኳት ነው። የዛሬ ስምንት ዓመት፣ አንድ ሐሙስ ቀን።»

ከዚያ ከኋላዬ ያ ድምፅ መጣ፤ ሰምቼው እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«እህም» አሉ ቫርፔት፣ አፋቸው ወይን እንደሞላ። «ማክሰኞ ነው።»