ክቡር ጉድለት እና ቁመቱን በአዋጅ ያስረዘመው ንጉሥ

አዳራሽ ባለበት ከተማ ሁሉ ሕዝብ ሲያጨበጭብ እጁን አጣምሮ፣ ሕዝብ ሲስቅ ፊቱን ቋጥሮ የሚቀመጥ አንድ ተመልካች አይጠፋም። ለአንዲት የተውኔት አዘጋጅ የደረሷት ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ለክልሉ ጋዜጣ የቴአትር ሂስ የሚጽፉት እርሳቸው ብቻ ስለሆኑ ተዋናዮቿ «ክቡር ጉድለት» የሚል ማዕረግ ሰጥተዋቸዋል።

አዘጋጇ ቁመቱን በአዋጅ ስላስረዘመ ንጉሥ የሚያላግጥ የሮክ ሙዚቃዊ ተውኔት ይዛ ከከተማ ከተማ ተንከራትታለች። በመጀመሪያው ከተማ ጋዜጣው «ጫጫታ» ብሎ በአንድ ቃል ተገላገለው። በሁለተኛው፣ ተመልካቹ ታሪካችን ተሰደበ ብሎ ከእረፍት በኋላ ሳይመለስ ቀረ። በሦስተኛው የሚሰድብም ጠፋ። ተስፋዋ ተሟጦ ወደ ትውልድ ከተማዋ ስትገባ የጠበቋት ክቡርነታቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ሂሳቸው ግማሽ ገጽ ፈጀ። ዙፋኑ የጸሐፊ ወንበር ይመስላል፤ ጊታሩ ግጥሙን ውጦታል፤ ንግሥቲቱ ስትሞት ጫማዋን ታስተካክላለች። መደምደሚያቸው እንደ ወትሮው ነበር፦ «ባይሠራ ይሻል ነበር፤ ከተሠራ ግን በደንብ ይሠራ።»

በሳምንቱ ተመለሱ። በሌላውም ሳምንት። ከበሮ መቺው ከመጋረጃው ጀርባ አጮልቆ ባያቸው ቁጥር እጁ ይተሳሰር ጀመር። ንጉሡማ አንድ ቀን መሀል ዘፈን ላይ እርሳሳቸው ሲንቀሳቀስ አይቶ ግጥሙ ጠፋበት። አዘጋጇ ቢጨንቃት ቀርባ፣ ጋሼ ሌላ መዝናኛ ቢፈልጉ ምን ይመስላቸዋል ስትል በትሕትና ጠየቀቻቸው። እርሳቸው ደግሞ እዚህ ማን ተዝናና አሏት።

ተመልካቹ እየሳሳ ሄደ። የከተማው አስተዳደርም አዳራሹን የዕቃ ማከማቻ ሊያደርገው አሰበና አስተያየት ያለው ይናገር ብሎ ስብሰባ ጠራ። ክቡር ጉድለት እጃቸውን ሲያወጡ አዘጋጇ አለቀልኝ ብላ አንገቷን ደፋች። አልተሳሳተችም፤ ዐርባ ደቂቃ ሙሉ የተውኔቱን ነውር አንድ በአንድ ዘከዘኩት። ሊቀመንበሩ በደስታ ራሱን እየነቀነቀ ሲጽፍላቸው ቆየ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህ ተውኔት መጥፎ ነው። አሥራ ሰባት ጊዜ አይቼ ነው የምናገረው። አዳራሹን ካልዘጋችሁት አሥራ ስምንተኛውንም አየዋለሁ።»

አዳራሹ ግን በወሩ መጨረሻ ተዘጋ፤ ለማን አቤት ይባላል። ዘፋኞቹ እንጀራቸውን ፍለጋ ተበተኑ፤ ንጉሡ የሚኒባስ ሾፌር ሆነ።

አዘጋጇ የመጨረሻውን ልብስ ሣጥን ውስጥ ስትከት ክቡርነታቸው መጡና አንድ ደብተር አቀበሏት። «ስሕተቶቻችሁ ናቸው፣ ልጄ። ሌላ ቦታ እንዳትደግሟቸው» ብለው፣ ደህና ሁኚም ሳይሏት ወጡ።

ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ ገለጠችው። ማን ጉንፋን እንደያዘው፣ ማን ከዜማ እንደወጣ፣ ከቀኑ ጋር ሰፍሯል። ከሀዘኗ ብዛት ከጓዳ ሳትወጣ የዋለችበት፣ መድረኩን ያላየችበት አንድ ቀን ነበር። የዚያን ቀን ገጽ አገኘችው።

«ዛሬ ተመልካቹ እኔ ብቻ ነበርኩ። ልጆቹ አዳራሹ ጢም ብሎ እንደሞላ አድርገው ዘፈኑ። ይህን ጋዜጣ ላይ አላወጣውም፤ ይኮራሉ።»