ያልተጣላችን ልጅ ስናስታርቅ

እኛ የደሴ ሰዎች ሰው ተጣልቶ ማየት አንወድም። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ድምፃቸውን ከፍ ካደረጉ ሦስተኛው ሳይጠራ ይመጣል፤ አራተኛው ከሩቅ "አብሽሩ! አብሽሩ!" እያለ ይደርሳል፤ አምስተኛው ጉዳዩ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አንገት ለአንገት ያስተቃቅፋቸዋል። ስለ ራሴ ማውራት አይሁንብኝና እኔ ከሁሉም የባስኩ ነኝ። ሆጤ ሰፈር ካለችው የጨርቅ ሱቄ ቁጭ ብዬ ያስታረቅሁት ባልና ሚስት፣ አከራይና ተከራይ፣ ወንድምና እህት ስፍር ቁጥር የለውም። በሰፈራችን እኔ ያላስታረቅሁት ሰው ካለ ገና ያልተጣላ ሰው ነው። እሱም ቢሆን ተራው እስኪደርስ እየጠበቅሁት ነው።

እንግዲህ ነገር የገባው እንዲህ ያለው ሰው ቤት ነው።

ልጄ ሐያት ሰባተኛ ክፍል ናት። ጠዋት ጠዋት ሆዷን ያማት ጀመር። ቅዳሜና እሑድ የሚተው፣ ሰኞ የሚብስ የሆድ ሕመም አይታችሁ ታውቃላችሁ? እናቷ ጦስኝ አፈላችላት። እኔ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ሐኪሙ ጤነኛ ናት አለ። ሐኪሙ ያላገኘውን እናቷ ልብስ ስታጥብ አገኘችው፤ የልጅቱ ሻሽ ጠርዙ ተተርትሮ፣ ጭቃ ጠጥቶ ነበር። እጅጌዋን ብትሰበስበው ክንዷ በልዟል። ስንለምናት ስንለምናት ተናገረች። አንዋር የሚባል የክፍሏ ልጅ በየእረፍቱ ሻሿን ከራሷ ላይ ገፎ በአጥር ይወረውረዋል። ልታነሳ ስትሄድ መንገድ ላይ ቆሞ ክንዷን ይመታታል። ሌሎቹ ከበው ይስቃሉ።

ደሜ ፈላ። ግን አንዋር የማን ልጅ መሰላችሁ? ከእኔ ሱቅ ጥቂት በር አልፎ ምንጣፍ የሚሸጠው የከማል ልጅ ነው። ከማል ሱቁን ሲዘጋ የእኔን ቁልፍ ሳይቀር የሚፈትሽልኝ ጎረቤቴ ነው። ሚስቴ አሁኑኑ ትምህርት ቤት እንሂድ አለች። እኔ የጎረቤቱን ልጅ ከሰሰ ልባል? ነገሩ ከርዕሰ መምህሯ ጆሮ ደርሶ ኖሮ ራሷ ደወለችልኝ። አያስቡ፣ በሽምግልና እንጨርሰዋለን አልኳት። ልጅቷስ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። ልጅ ደግሞ ምን ትላለች? አልኩና ስልኩን ዘጋሁት።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ከማል ቤት ተሰበሰብን። የሰፈራችን ትልቅ ሰው ሸህ ይመር መሀል ተቀመጡ። አንዋር ተንበርክኮ የሁላችንንም ጉልበት ሳመ፤ አለቀሰም። ምን ዓይነት እንባ ነው! እኔ ራሴ እጁን ይዤ አስነሳሁት። ሐያት "አፉ ብያለሁ" በይ ተባለች። ምንጣፉን እያየች አለች። ፋቲሃ ተቀራ፣ ዱዓ ተደረገ። በመጨረሻም ሸህ ይመር ከዛሬ ወዲያ ይህን ነገር ያነሳ ሰው እርቅ አፍራሽ እሱ ነው ብለው ደመደሙ። ይህች የመጨረሻዋ ቃል የሽምግልናችን ማሰሪያ ናት፤ እኔም ለስንቱ ብያታለሁ። ከማልና እኔ ካንድ ሰሃን በላን። ደስ ብሎት አዲስ መስገጃ ሰጠኝ። ከዚያ ቤት እኔ መስገጃ ይዤ ወጣሁ፤ ሐያት ምን ይዛ እንደወጣች አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ የሆድ ሕመም ወሬ የለ፣ ስሞታ የለ። ልጅቱ ዝም አለች። እኔ ዝምታዋን ሰላም ብዬ ለየደንበኛው አወራሁ፤ ሜትሬን ይዤ ጨርቅ ስለካ እንኳ ስለዚያ እርቅ ነበር የማወራው።

አንድ ቀን ለምሳ ቤት አልመጣችም። ትምህርት ቤት ደወልን፤ ከጠዋት ጀምሮ አላየናትም አሉ። ሚስቴ ነጠላዋን እንኳ በቅጡ ሳትለብስ ወጣች። ፒያሳ ወረድኩ፣ መስጊድ ገባሁ፣ መናኸሪያ ሄጄ ረዳቶቹን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። ሻሽ ያደረገች ልጅ አይታችኋል ስል፣ የትኛዋን አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከተማው ሞልቷል። ከማልም ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ ይፈልግ ነበር። ያን ዕለት ያሰብኩትን ሁሉ አልነግራችሁም፤ ልጅ ያለው ያውቀዋል።

ስልኬ ጮኸ። ኮምቦልቻ ከተማ ፋብሪካ የምትሠራው እህቴ ፋጡማ ናት። ከሥራ ስትገባ ሐያትን በሯ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። አልሐምዱሊላህ ብዬ ሚኒባስ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ከጎኔ ማን እንደተቀመጠ ልንገራችሁ? ሸህ ይመር! ሰው ለካ ልምዱን አይተውም፤ የገዛ ልጄን ልወስድ ስሄድ ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ።

ፋጡማ የሥራ ጋወኗን ሳታወልቅ በር ላይ ጠበቀችን። ግቡ፣ ግን እንዳትቆጧት አለች። ልጅቷ ደሴ አልመለስም፣ ትምህርትም በቃኝ፣ እዚሁ አድጌ እንደ አክስቴ ፋብሪካ እቀጠራለሁ ብላለች። እህቴ ራሷ ከቢስቲማ ከተማ ትምህርቷን አቋርጣ ስትመጣ በሐያት ዕድሜ ነበረች፤ ማንም መልሶ አልወሰዳትም።

ሸህ ይመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ታርቃችሁ አልነበረም እንዴ? ፋቲሃ የተቀራበት ነገር እኮ ነው።"

ሐያት ቀና አለች።

"ሸህ ይመር፣ እኔ መቼ ተጣላሁ? እሱ ይመታኛል፣ እኔ ዱላውን እቀበላለሁ። እርስዎ ያስታረቁት አባቴንና ከማልን ነው።"

ሐያት ቀጠለች።

"አንዋር ‹ብትናገሪ እርቅ ያፈረስሽው አንቺ ነሽ፣ አባትሽን ሰው ፊት ታዋርጂዋለሽ› ይለኛል። አሁን ሻሼን አይገፈኝም። ስጪኝ ሲለኝ ራሴ አውልቄ እሰጠዋለሁ።"

ሸህ ይመር መቁጠሪያቸውን ይዘው መሬት መሬት አዩ። እኔ አፈርኩ፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ለካ አንዋር ዱላ አልጎደለውም ነበር፣ አፏን የሚዘጋ ሕግ ነበር የጎደለው፤ እሱንም እኛ አወጣንለት። ልጄን ለአባቷ ክብር ዘብ አቁሜ፣ እኔ መስገጃ ላይ እሰግድ ነበር።

"ትምህርት ቤት አብረን እንሄዳለን፤ የምትናገሪውም አንቺ ነሽ" አልኳት። ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ ቦርሳዋን አነሳች።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሯ ፊት ቀርቤ እርቁን አፍርሻለሁ አልኩ። እሷም ያንኑ የስልኩን ጥያቄ ደገመች፣ ልጅቷስ ምን ትላለች? አሁን ልጅቷ አጠገቤ ነበረች። ይቅርታ አልፈለገች፣ ቅጣትም አልዘረዘረች። እሱ ሌላ ክፍል ይግባ፣ በእረፍት ሰዓት አጥሩ ጋ መምህር ይቁም፣ የሚስቁትም ይጠየቁ አለች። ይኸው ነው። ተደረገላት። ከማልም ተጠርቶ፣ ልጁን የሚመክር መምህር ተመደበለት። ሰኞ የሚብሰው የሆድ ሕመምም ቀረ።

ከማል ግን አኮረፈኝ። ብዙም ሳይቆይ ሸህ ይመር ሽማግሌዎች አስከትለው ሱቄ መጡ። በደስታ አልኳቸው፤ እኔና ከማል በእውነት የተጣላን ሰዎች ነን፣ እርቅ ይገባናል። አንድ ነገር ብቻ አስቸገርኳቸው፤ ሐያት ከሽማግሌዎቹ እንደ አንዱ ትቀመጥ። ተያዩ። እንማከርበት ብለው ወጡ።

ሐያት ፈተናዋን ጨረሰች፣ እነሱ ግን ምክሩን አልጨረሱም። እንዲያውም ሰሞኑን እንደሰማሁት፣ ልጅ ሽማግሌ ይሆናል፣ አይሆንም ተባብለው እርስ በርስ ተኳርፈዋል። የሚያስታርቃቸው ሰው ሲያፈላልጉ ቆይተው ትናንት እኔ ጋ ሰው ላኩ።

ሐያትን ጠይቄ እመልስላችኋለሁ ብያለሁ።