አክስቴ ትርንጎና የሩቲ ሳህኖች

በዓልን መጀመሪያ ያወጣው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ እንግዳ የሚጠራበት ቤት ያልነበረው ሰው ይመስለኛል። ቢኖረውማ ኖሮ ትንሽ ያስብበት ነበር። የበዓል ምክንያቱ ምን ጊዜም ትልቅ ነው፤ አንዱ ባሕር ተከፍሎ ነው፣ አንዱ ዘይት አላልቅ ብሎ ነው፣ አንዱ ክፉ ሹም ተሰቅሎ ነው። ይህን ሁሉ አምናለሁ፣ አልከራከርም። ግን ባሕሩ ከተከፈለ በኋላ ከጎረቤት ወንበር የሚበደር፣ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ የሚያወጣ የሚያወርድ፣ እገሌ ተጠርቶ እገሊት ብትቀርስ እያለ የሚብሰለሰል ሰው እንዳለ ስለ ነገሩ የጻፉት ሁሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ያንን ሰው እናንተም ቤት ታውቁታላችሁ። ምናልባትም ራሳችሁ ናችሁ።

በእኛ በጎንደር አይሁዶች ላይ ደግሞ የበዓል ነገር እጥፍ ሆኖ ነው የመጣው። ጎንደር ሳለን በዓሎቻችን የታወቁ ነበሩ፤ ቄሶቹ ጨረቃዋን አይተው ይነግሩናል፣ እኛም እንደ ቀኑ እንጾማለን ወይም እንበላለን። እዚህ አገር ስንገባ ግን ሰምተናቸው የማናውቃቸው በዓሎች ከብርድ ልብሱና ከፍራሹ ጋር አብረው ታደሉን። ሐኑካ አሉን፣ በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ በላን። ፑሪም አሉን፣ የልጆቻችንን ፊት ቀለም ቀባን። ሲግድን፣ የጾምና የጸሎት በዓላችንን፣ እኛ ይዘን ስለመጣን በተራችን እኛ አስረዳናቸው፤ ገብቷቸው ከሆነ እንጃ። ፋሲካ ላይ ግን ተገናኘን። ፋሲካ የእነሱም የእኛም ነው፤ ስለዚህ ጣጣ የማያመጣው እሱ ነው ብዬ አስብ ነበር።

አሠራሩ ግን ለየቅል ነው። እዚህ አገር ሰው ቤቱን ለፋሲካ ከእርሾ ሲያጸዳ ድስቱን ይቀቅላል፣ የዓመቱን ሳህን ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል፣ ለፋሲካ ብቻ የተቀመጠውን ሳህን ከካርቶን ያወጣና በዓሉ ሲያልቅ መልሶ ይከተዋል። በእኛ መንደር ነገሩ አጭር ነበር። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ እርሾ የነካውን ሸክላ ሁሉ ወደ ደጅ አውጥተው ይሰባብሩታል፤ ቀደም ብለው ሠርተው ያስቀመጡትን አዲሱን ያስገባሉ። ሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸውና እጃቸው አይሳሳም። እኔም በልጅነቴ ፋሲካ መድረሱን የማውቀው በዚያ የሸክላ ድምፅ ነበር።

ያንን ድምፅ አሳምረው ከሚያሰሙት አንዷ አክስቴ ትርንጎ ነበሩ። የአባቴ እህት ናቸው፤ አሁን ረሆቮት ከእኛ ጋር ይኖራሉ። እዚህ ከመጡ ወዲህ ግን አንዲት ስኒ እንኳ ሰብረው አያውቁም። በየዓመቱ ፋሲካ ሲቃረብ «አሮጌው አይሰበርም እንዴ?» ይላሉ፤ ባለቤቴ የሺ ደግሞ «አዲስ የት አለና ነው አክስቴ?» ትላቸዋለች። እውነቷን ነው፤ አዲስ የለም፣ የምናከብረው ተበልቶበት በሚጣል የወረቀት ሳህን ነው። አክስቴም «እንግዲያስ» ብለው ይተዉታል። በዚህ ሁኔታ ተስማምተን ብዙ ዓመት ኖርን።

ነገር የመጣው ልጄ ያኤል የታጨች ጊዜ ነው። ሞባይል እንደ ኪስ መስታወት ተከፍቶ ይዘጋ የነበረበት ዘመን ነው። እጮኛዋ አሳፍ ጨዋ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ሩቲና ዮሲ ይባላሉ፣ ቂርያት ዔቅሮን ነው ቤታቸው፣ ዘራቸው ከሩማኒያ ነው። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ግን ቤታችን በመጡ ቁጥር የሚቀመጡት ወንበር ጫፍ ላይ ነው፤ ውሃ ሲቀርብላቸው «ቶዳ፣ ቶዳ» እያሉ ያመሰግኑና ሳይቀምሱት ይሄዳሉ። ያኤል እነሱን ከሸኘች በኋላ ያንን ሙሉ ብርጭቆ አንስታ ስትደፋ አያታለሁ፤ ሆዷ መባባቱ ከጀርባዋ ይታወቅ ነበር። ሠርጉ ከበዓለ ኀምሳ በኋላ ነው፤ ሁለቱ ቤት ግን ገና በልብ አልተዋወቀም።

እግዜር ይስጠውና የሩቲ ቤት ፋሲካ ሲቃረብ ሺፑጽ ገባ፤ እድሳት ማለታቸው ነው፣ ወጥ ቤቱ ፈርሶ በአቧራ ተሞላ። ያኤል ይህን ጊዜ ጠብቃ ሴደሩ፣ የፋሲካው ማምሻ ማዕድ፣ በእኛ ቤት ይሁን አለች። ሩቲ እሺ አለች። አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ የፋሲካ ሳህኖቻቸው ይምጡ። የዮሲ እናት ከሩማኒያ በመርከብ ያመጡዋቸው ናቸው፣ ከዚያ ወዲህ በሌላ ሳህን ሴደር ተበልቶ አያውቅም።

ሳህኖቹ ከበዓሉ ቀደም ብለው መጡ። ዮሲ እንቁላል የጫነ ይመስል መኪናውን እያዘገመ፣ ሩቲ አንደኛውን ካርቶን ጉልበቷ ላይ አቅፋ። አንዱን ሳህን ከጋዜጣው ፈትታ አሳየችን፤ ነጭ ነው፣ ጠርዙ ሰማያዊ። «በጥንቃቄ» አለች፣ ደግማም «በጥንቃቄ» አለች። አክስቴ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሁሉን ያያሉ። «ምንድን ነው ያመጣችው?» አሉኝ። «ለፋሲካ የሚሆን ሳህን ነው አክስቴ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፊታቸው ፈካ አለ። የእኔ መልስ ይኸው ነው፣ አንድ ቃል አልጨመርኩም አልቀነስኩም።

ማታ ያኤል ክንዴን ይዛ «አባ፣ ባቫካሻ፣ እባክህ፣ ዘንድሮ ብቻ ምንም ነገር አይበላሽ» አለችኝ። «ቤሰደር፣ ይሁን» አልኳት። በዚህ አገር ነገር የሚበላሸው ቤሰደር ከተባለ በኋላ ነው።

በዋዜማው ከሥራ በግማሽ ቀን ለቀቁን። ሄርዝል ጎዳና ላይ ወይንና ሰላጣ ገዝቼ ወደ ሰፈራችን ስቃረብ ሳህን ሲሰበር ሰማሁ። አንድ ሳህን ሲሰበር የአንድ ሰው እጅ ከድቶት ነው ተብሎ ይታለፋል። ይኼኛው ግን በየተራ ነበር የሚሰበረው፤ ረጋ ብሎ፣ እረፍት እየወሰደ። ከሕንፃችን ጀርባ ዞር ስል አክስቴ ትርንጎ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸንፍጠው ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ቆመዋል። ከበረንዳዋ ላይ አንዲት ሩሲያዊት ጎረቤታችን፣ የሠርግ ነገር መስሏት ነው መሰለኝ፣ የምርቃት ቃላቸውን «ማዝል ቶቭ! ማዝል ቶቭ!» እያለች ታጨበጭባለች። መሬት ላይ የተከመረው ስብርባሪ ነጭ ነው። ጠርዙ ሰማያዊ ነው።

የገዛሁትን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። የታየኝ ሩቲ አይደለችም፣ ሩማኒያም አይደለም፤ የታየችኝ ያኤል ናት፣ ያንን ብርጭቆ ስትደፋ።

«አክስቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ለፋሲካ ነዋ» አሉ እጃቸውን እያራገፉ። «አዲስ ከገባ የዓመቱ ይሰበራል። ይልቅ ዘገየህ፣ ጨርሻለሁ።»

«የቱን ነው የሰበሩት?» ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ።

አክስቴ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ምን ሆነሃል አንተ ልጅ? እርሾ የነካውን ነዋ፣ የየሺን። የአሳፍ እናት ያመጣችውንማ ሰው እንዳይነካብኝ አልጋዬ ሥር አግብቼዋለሁ።»

አላመንኳቸውም፤ ይቅር ይበሉኝና ሮጬ ወጣሁ። ካርቶኖቹ አልጋቸው ሥር ናቸው፣ በመቀነት ታስረዋል። አንዱን ፈትቼ ሳህን አወጣሁ፤ ሙሉ ነው። ሌላ አወጣሁ፤ እሱም ሙሉ ነው። ሳህኑን እንዳቀፍኩ ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ። እፎይታ እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ሳቅም እንባም አብሮ መጣብኝ። ለካ የየሺም ሳህኖች ጠርዛቸው ሰማያዊ ነው። ስንት ዓመት በልቼባቸው አንድ ቀን አላየኋቸውም። የሄርዝል ጎዳና ሳህንና የሩማኒያ ሳህን ከተሰበሩ በኋላ አይለዩም።

የሺ ከሥራ ስትገባ መደርደሪያው ባዶ ነው። የሆነውን ነገርኳት። አፏን ልትከፍት ስትል ቆም አለችና «የሩቲስ?» አለችኝ። «ደኅና ነው» ስላት ወንበር ስባ ተቀመጠች። «በቃ ተመስገን፣ የኔው ይሰበር» አለች፤ ትንሽ ቆይታ ግን አንዲት ሹካ ብድግ አድርጋ «ይቺንስ ለምን ተዉልኝ?» አለች። ለያኤል ላንነግራት ተስማማን። ነገሩ አለቀ ብለን ነበር።

ማታ እንግዶቹ መጡ። ሩቲ ሳህኖቹን ራሷ ደረደረች፤ ስትደረድር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ትቆጥራለች። ከዚያ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዮሲ አባቶቻችን ከግብፅ የጡብ ባርነት መውጣታቸውን ከመጽሐፉ ቶሎ ቶሎ አነበበልን፣ አሳፍ ዘፈነ፣ እኛም የምናውቀው ላይ ስንደርስ አገዝነው። ምግቡ ቀረበ። የሺ ለእኔ ዓይኗን ጠቀስ አደረገችልኝ። ይኼኔ አክስቴ ትርንጎ ተነሡ።

አክስቴ ሩቲን ትኩር ብለው እያዩ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጀመሩ፦ «ልጄ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ። ዳግመኛ ፋሲካን በአዲስ ዕቃ አያለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። አንቺ ግን የሰውን ልማድ አውቀሽ፣ ይኼን ሁሉ ሳህን ከቤትሽ ተሸክመሽ ለልጆቼ ሰጠሽ። እኔም የድሮውን በእጄ ሰበርኩ። እጅሽ አይንጠፍ። ቤትሽ ይሙላ።»

ያኤል ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ የሺ ዞርኩ። የሺ ቂጣዋን አይታው የማታውቅ ይመስል ታገላብጣለች።

«ምን አለች?» አለች ሩቲ።

ልጄ ውሸት አትችልም፤ ከማን እንደወረሰችው አላውቅም። «ሳህኖቹን ስለሰጠሽን እያመሰገነችሽ ነው» አለች ድምፅዋ እየቀጠነ። «ስጦታ መስሏት… እና የኛን፣ እንደ አገራችን ልማድ፣ ሰብራቸዋለች።»

ዮሲ ሹካውን አስቀመጠ። እኔ በሐሳቤ ሳህኖቹንም ቀለበቱንም የሠርጉን አዳራሽም መልሼ ጨርሻለሁ። ሩቲ አክስቴን አየች፣ ሳህኑን አየች፣ እንደገና አክስቴን አየች።

«ሁሉንም ነው የሰበረቻቸው?»

«ሁሉንም።»

«በገዛ እጇ?»

«በገዛ እጇ።»

መጀመሪያ የሩቲ ትከሻ ነው የተንቀሳቀሰው። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ ፊቷን በናፕኪን ሸፍና ሳቀች፣ እኛ መሳቅ ይፈቀድልን አይፈቀድልን ሳናውቅ እየጠበቅናት። ስትጨርስ ዓይኗን ጠርጋ «ንገሪያት» አለች ለያኤል፤ «በጤና ተጠቀሙበት በያት።»

«ሩቲ» አለ ዮሲ፣ «የእማዬ ሳህኖች…»

«ከቤተሰብ አልወጡም ዮሲ።»

ዮሲ ትንሽ አሰበ። «እማዬም በሕይወት ብትኖር ደስ ይላት ነበር» አለ።

«እናትህን ምንም ነገር ደስ ብሏት አያውቅም» አለች ሩቲና ወደኋላ ተደገፈች። ጀርባዋ የቤታችንን ወንበር ሲነካ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከፊቷ የነበረውን ውሃ አንስታ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ያኤል ባዶውን ብርጭቆ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፤ እኔም ምግቡ አቃጠለኝ ብዬ ዓይኔን አበስኩ። ምግቡ ቀዝቅዞ ነበር።

በኋላ ወጥ ቤት ሩቲ አጥባ እየሰጠችኝ እኔ ሳደርቅ ምስጢሯን ነገረችኝ። «ከሠርጌ ጀምሮ እነዚህን ሳህኖች ሳጥብ እጄ ይንቀጠቀጣል» አለች። «አማቴ አጠገቤ ቆማ ትቆጥር ነበር። ካረፈችም በኋላ የምትቆጥር ይመስለኛል። የምሰጠው ሰው አጣሁ እንጂ…» ሌላ ሳህን አቀበለችኝና «አክስትህ በየዓመቱ ነበር የምትሰብረው?» አለችኝ።

«አገራችን ሳለን፣ አዎ።»

«የታደለች ሴት» አለች ሩቲ።

ሠርጉ በሰላም አለፈ። አሳፍ እንደ ወጉ ብርጭቆውን ረግጦ ሲሰብር አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አንድ ብቻ ነው እንዴ?» አሉኝ። ሩቲም ከዚያ ወዲህ በየፋሲካው እጇን እያወዛወዘች፣ አበባ ብቻ ይዛ ትመጣለች፤ ውሃዋን ትጠጣለች፣ ተደግፋ ትስቃለች። ያኤልን ሳህኖቹን ውሰጂ ብዬ ብለምናት «አባ፣ እኔ የሚጣለው ይሻለኛል» አለችኝ።

ካርቶኖቹ ቁም ሣጥኔ ላይ ናቸው። ፋሲካ ሲደርስ መሰላል ላይ ወጥቼ የማወርዳቸው እኔ ነኝ፤ የማጥባቸውም እኔ ነኝ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ። የሺ አጠገቤ ቆማ ትቆጥራለች። በዚያ ዓመት ከግብፅ የወጣችው ሩቲ ናት። እኔ ገና ጡቡ ላይ ነኝ።