ጋሼ ደምሴ ሥራ እስኪይዙልን

እኛ ሰፈር ስለ ሰው ሲጠየቅ መልሱ ሁለት ዓይነት ነው። ጠያቂው ፋይል በብብቱ ከያዘ «እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም» ነው። ጠያቂው ነጠላውን ያጣፋ ሽማግሌ ከሆነ ደግሞ «እሱ? መልአክ ነው!» ነው። የመጀመሪያው የግብር ወይም የደንብ ማስከበር ሰው ሊሆን ይችላላ። ሁለተኛው ለጋብቻ የመጣ ነው። ሦስተኛ ዓይነት ጠያቂ አይተን አናውቅም ነበር። እናንተ ሰፈር እንዴት እንደሆነ እንጃ፤ መርካቶ ግን እንዲህ ነው።

ግቢያችን ከሲኒማ ራስ ጀርባ ነው። የቀበሌ ቤት። ክፍሉ የየራሳችን፤ ቧንቧው፣ ወጥ ቤቱና ሽንት ቤቱ የጋራችን። እኔ በዚያ በጋራው ወጥ ቤት ምሳ እሠራለሁ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ላልጾመ ደግሞ አንዳንዴ ጥብስ። ሰዓቱ ሲደርስ በየሳህኑ አድርጌ ዱባይ ተራ ላሉ ባለሱቆች አደርሳለሁ። እነሱ ሱቃቸውን ጥለው ምግብ ቤት መሄድ አይችሉም። እኔ ደግሞ ልጄን ሜላትን ጥዬ ሌላ ሥራ መግባት አልችልም። ብገባስ የት እገባለሁ? ትምህርቱን ዘጠነኛ ላይ ነው ያቆምኩት። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቤቱ የሚመጣው በእንግድነት ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ያ ወጥ ቤት ለሚያየው ጥላሸት የለበሰ ግድግዳ ነው። ለእኔ ግን የሜላት መዋዕለ ሕፃናት ነው፣ ጫማዋ ነው፣ ሲያስላት የምገዛላት ሽሮፕ ነው።

እዚህ ላይ ጋሼ ደምሴን ላስተዋውቃችሁ።

ጋሼ ደምሴ ኦዲተር ነበሩ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ «ይሄ ላይ አልፈርምም» ብለው ከአለቃቸው ጋር ተጣሉና ወጡ። ሰውየው እውነተኛ ናቸው፤ በዚህ ማንም አይጠረጥራቸውም። ችግሩ ምን መሰላችሁ? እውነተኛ ሰው ሥራ ሲፈታ እውነቱን የት ያድርገው? ግቢ ይዞት ይገባል። እኛ ደግሞ ይባስ ብለን የግቢው ሰብሳቢ አድርገን መረጥናቸው። ሌላው ሰው ጊዜ አልነበረውም፤ እሳቸው ነበራቸው።

ውሃ በሚመጣበት ቀን እኛ ጋ ሰው ድንጋይ አስቀምጦ ወረፋ ይይዛል። ሁሉም ድንጋዩን ያውቀዋል፤ ይሄ የእትዬ ወይንሸት ነው፣ ያ የሐጂ ነው ይባላል። ጋሼ ደምሴ ድንጋዮቹን አንስተው አጥር ሥር ደረደሯቸው። «ድንጋይ ውሃ አይጠጣም፤ ስለዚህ ወረፋ የለውም» አሉ። ሐጂ ሸምሱ ብርድ ልብስ ነጋዴ ናቸው፤ መተላለፊያው ላይ ቦንዳ ያሳድሩ ነበር። አስነሷቸው። እትዬ ወይንሸት ከግቢው የጋራ አምፖል ሽቦ ስበው ፍሪጃቸውን ያሠሩ ነበር። አስነቀሏቸው። ልጆች በብይ ሲጣሉ ጋሼ ደምሴ ምስክር አስቀርበው ነው የሚፈርዱት፤ ፍርዱ ሳያልቅ ይመሽና ልጆቹ ጨዋታውንም ጠቡንም ጥለው ይገባሉ። የገዛ ሚስታቸው እትዬ አሰለፈች ለቀብር አርፍደው የደረሱ ዕለት፣ እድር ላይ «ትቀጣ!» ብለው እጃቸውን ያወጡት እሳቸው ናቸው። እድርተኛው እኮ ሊያልፋቸው ነበር!

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። ከገና በፊት ነው።

«የሜላት እናት» አሉኝ በጨዋ ድምፅ። ጋሼ ደምሴ ጮኸው አያውቁም፤ የሚያናድደውም ይሄው ነው። «የሜላት እናት፣ የጋራ ነገር ለግል ንግድ አይውልም። ላንቺ ስል እስከ ፋሲካ እታገሣለሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ ፈልጊ።»

መርካቶ ውስጥ ሌላ ቦታ! ወጥ ቤቱ ይቅርና ድስት የሚያሳርፉበት መሬት ይገኛል? የባሰው ደግሞ ልክ መሆናቸው ነው። ልክ ካልሆነ ሰው ጋር ትጣላላችሁ፣ ይወጣላችኋል። ልክ ከሆነ ሰው ጋር ምን ይደረጋል? ዝም ማለት ልማዴ ነው፤ ሽንኩርት ስከትፍ ግን የቢላዬ ድምፅ ጨመረ።

እንዲህ እያለን ነው አንድ ትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባርና የሕግ ተገዢነት ዳይሬክተር እንደሚፈልግ የተሰማው። የቦታውን ስም ጠርቶ ለመጨረስ መሃል ላይ አንዴ መተንፈስ ያስፈልጋል። ጋሼ ደምሴ አመልክተዋል። ወሬውን ያመጡልን እትዬ አሰለፈች ናቸው። «ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገቡበት ሥራ ነው። ቅዳሜም ስብሰባ አያጣውም አሉ» ሲሉ ፊታቸው በራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢው ጸሎት አንድ ሆነ። ሐጂ ሸምሱ ጁምዓ ላይ ዱዓ ያዙ። እትዬ ወይንሸት ለአማኑኤል ጥላ ተሳሉ። ለገዛ ልጃቸው ፈተና የተሳሉት ሻማ ነበር እኮ! እኔም በልቤ አስልቼዋለሁ። ሰውየው ሥራ ከያዙ ቀን ቀን አይኖሩም፤ እኔ ደግሞ የምሠራው ቀን ነው።

እትዬ ወይንሸት በስለት ብቻ አልቆሙም። የአክስታቸው ልጅ ባል እዚያው ዩኒቨርሲቲ ይሠራል። «አንድ ቃል ላስነግርልዎት» አሏቸው። ጋሼ ደምሴ ማመልከቻቸውን ሊያነሱ ደረሱ! «የሥነ ምግባር ኃላፊ በሰው ሊገባ?» ብለው እራታቸውን ሳይበሉ ተኙ። እትዬ አሰለፈች ለምነው ለምነው መለሷቸው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሊረዳቸው አልደፈረም።

ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ ነው፣ አንድ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ሁለት ሰዎች መጡ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ወንዱ ፋይል ይዟል።

ሐጂ ሸምሱ በር ላይ ነበሩ። ሰውየው «አቶ ደምሴ የሚባሉ እዚህ ይኖራሉ?» አላቸው። ሐጂ ፋይሉን አዩ። «ደምሴ? እኔ እንጃ ልጄ፣ እንግዳ ነኝ» አሉ። ሐጂ እዚያው ግቢ ነው የተወለዱት። የጋሼ ደምሴ በር ደግሞ ልክ ከጀርባቸው ነው፤ እሳቸው ግን ወጣ ብለው ነበር።

ሴትዮዋ ፈገግ አለች። ከዩኒቨርሲቲው እንደመጡና ለቦታው የቀሩትን ተወዳዳሪዎች ጠባይ ከጎረቤት እንደሚያጣሩ ነገረቻቸው።

«እንዴ! ጋሼ ደምሴን ነው እንዴ የምትሉት? ወንድሜ እኮ ናቸው!» አሉ ሐጂ። ወዲያው ወንበር ወጣ። እትዬ ወይንሸት እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ደረሱ።

ከዚያ ምስጋናው ወረደ። ግን ምን ዓይነት ምስጋና? እኛ የምናውቀው የሙሽራ ምስጋና ነው፤ ሌላ ከየት እናምጣ?

«ሰው አያስቀይሙም» አሉ ሐጂ። «አይተው እንዳላዩ ማለፍ ያውቁበታል።»

«የዘመድ ነገርማ አይነሳ!» አሉ እትዬ ወይንሸት። «ለሰው ሲሉ ሕጉንም ቢሆን ዘወር ያደርጉታል። እሳቸው ሥልጣን ቢያገኙ ይሄ ሰፈር በሙሉ ያልፍለታል!»

«እምቢ የሚል ቃል ካፋቸው ወጥቶ አያውቅም» ብለው ሐጂ ጨመሩበት።

እኔ ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ሽንኩርት እየከተፍኩ አያለሁ። የሴትዮዋ እስክሪብቶ መጀመሪያ ይሄድ ነበር። «አይተው እንዳላዩ» ላይ ዘገየ። «ሕጉንም ዘወር» ላይ ቆመ። ሰውየውን አየችው፤ እሱም አያት። ከዚያ ፋይሉን ዘጋ። እነሐጂ አላዩም፤ ምስጋና ላይ ናቸው።

ሴትዮዋ ለመሄድ ከተነሳች በኋላ ወደ እኔ ዞረች። ለወጉ ያህል ይመስለኛል። «አንቺስ እህቴ? ጥሩ ጎረቤት ናቸው?»

እመኑኝ፣ «አዎ» ብዬ ልገላገል ነበር። ግን ያን ዕለት ጠዋት ጋሼ ደምሴ ወጥ ቤት ብቅ ብለው «ፋሲካ እየደረሰ ነው፣ የሜላት እናት፤ ቦታ አገኘሽ?» ብለውኛል። ሽንኩርቱም ዓይኔን ይዞታል።

«አይደሉም» አልኩ።

«ውይ በሞትኩት!» አሉ እትዬ ወይንሸት።

አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ የት ልቁም? የድንጋዩን ወረፋ ነገርኳት። የሐጂን ቦንዳ ነገርኳት። ሽቦው ላይ ስደርስ እትዬ ወይንሸት በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሚስታቸውን በእድር እንዳስቀጡ ነገርኳት። «እኔንም ከወጥ ቤት ሊያስወጡኝ ነው! ልጅ እንዳለኝ ያውቃሉ፣ ባሌ መንገድ ላይ እንደሚኖር ያውቃሉ፤ እያወቁ ነው!» አልኩ።

ሴትዮዋ ተመልሳ ተቀመጠች። «ስጦታ ይቀበላሉ?»

«ለገና ድፎ ዳቦ ብልክላቸው ከነጨርቁ መለሱልኝ። የወጥ ቤቱ ጉዳይ ሳያልቅ ያንቺን ዳቦ አልበላም አሉ።»

«ዘመዳቸው ብትሆኚስ ይተዉሽ ነበር?»

«ሚስታቸውን አልኩዎት እኮ!»

እስክሪብቶዋ ይበር ጀመር። ይቺ ሴት ክስ እየጻፈች ነው ብዬ አሰብኩ። ሲወጡ ሰውየው ሽንኩርት የነካ እጄን ይዞ አጥብቆ ጨበጠኝ። ማጽናናቱ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ የወረደብኝን አልነግራችሁም። ትንሽ ልንገራችሁ። እትዬ ወይንሸት «ዝምተኛ ስንልሽ! ለካ ለዛሬ እያጠራቀምሽ ነው!» አሉኝ። ሐጂ «እኛ እንዲያ ስንክብ፣ ልጄ፣ በአንድ አፍታ ናድሽው» ብለው አንገታቸውን ነቀነቁ። እትዬ አሰለፈች ግን አልተቆጡኝም፤ የጎዳኝ ያ ነው። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው «እንግዲህ ዕድሜ ልኬን ከሳቸው ጋር ስውል ልኖር ነው» ብቻ አሉ።

እኔም ድስቶቼን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ፤ የትኛው ይሸጣል፣ የትኛው ይቀራል። ለዱባይ ተራ ደንበኞቼ አልተነፈስኩም። እየበላ ላለ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ይነገራል?

ጾሙ ሊያልቅ ሲል ጋሼ ደምሴ ተጠርተው ሄዱ። ሲመለሱ ቤታቸው አልገቡም፤ በቀጥታ ወደ ወጥ ቤት መጡ። ከረቫት አስረዋል። ግቢው በሙሉ በየመስኮቱ ጆሮ ሆነ።

«የሜላት እናት፣ ስለ እኔ የተነገረውን አነበቡልኝ።»

ማማሰያው ከእጄ ወደቀ።

«ማን እንደተናገረው አልነገሩኝም፤ ሚስጥር ነው፣ ልክ ናቸው። ግን ከወጥ ቤት የማስወጣው ሌላ ሰው የለኝም።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እውነት ነው ወይ አሉኝ። አንድም ውሸት የለበትም፣ ነገም ቢሆን አደርገዋለሁ አልኳቸው። ተነስተው ጨበጡኝ። የሌሎቹን ምስጋና ሰምተው ስሜን ሊሰርዙት ነበር አሉ። ከመሰረዝ ያዳነኝ ያንቺ ቅሬታ ነው። ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ።»

ከጓዳ እልልታ ተሰማ። እትዬ አሰለፈች ናቸው። እልል ያሉት ለሹመቱ ይሁን ለሰኞ፣ አልጠየቅኩም። እኔ ግን በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ሰኞ!

ጋሼ ደምሴ አልጨረሱም። «ስለዚህ የወጥ ቤትሽን ጉዳይ እኔ ልወስን አልችልም። ውለታ ውለሽልኛል። ይሄ የጥቅም ግጭት ይባላል።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ እኮ ሳማዎት ነው የዋልኩት!» ምን አስለፈለፈኝ?

«ያም የጥቅም ግጭት ነው» አሉ ሳያቅማሙ። «አንድም ላደላልሽ እችላለሁ፣ አንድም ልበቀልሽ እችላለሁ። ግቢው ይወስን። እኔ አልገኝም።»

እሁድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ተሰበሰበ። ጋሼ ደምሴ ስብሰባውን ከፈቱ። የእኔን አቤቱታ እኔ ከምናገረው በላይ አሳምረው አስረዱልኝ። ቀጥለው የራሳቸውን ተቃውሞ እንደዚያው አሳምረው አስረዱ። ከዚያ ኮታቸውን አስተካክለው ወጡና የብረቱን በር ከውጭ ሳቡት።

በሩ ተንጓጉቶ ሳይጨርስ እኛ ጨርሰን ነበር።

«ትሥራ!» አሉ ሐጂ። «ትሥራ» አለ ሁሉም። የቤት ወጥ ይቅደም፣ ምድጃውን እሷ ታጽዳ፣ አለቀ። እትዬ ወይንሸት «እግረ መንገዳችንን ያቺን የእኔን ሽቦ...» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ ሐጂ በዓይናቸው አስቆሟቸው።

ከገና በፊት ጀምሮ የያዝኩት ትንፋሽ ያኔ ወጣልኝ። ሜላት ጭኔ ላይ ነበረች፤ ቀና ብላ አየችኝ፣ እንደዚያ ስተነፍስ ሰምታ አታውቅማ። እትዬ አሰለፈች እግራቸውን ዘረጉ። ሐጂ ጫማቸውን አወለቁ። ግቢው እንዲያ ጸጥ ሲል እኔ አይቼ አላውቅም።

በዚያ ጸጥታ መሃል ከውጭ የጋሼ ደምሴ ድምፅ መጣ። አንድ ተሸካሚ ቦንዳውን አውርዶ መንገዱ ላይ እያረፈ ነው መሰለኝ።

«ወንድሜ፣ ይሄ የእግረኛ መንገድ ነው። የእግረኛ ማለት የሁሉም ማለት ነው» ይላሉ፣ በዚያ በማይጮህ ድምፃቸው።

«ፋዘር፣ እርስዎ ደግሞ የምን ኃላፊ ነዎት?» አላቸው ተሸካሚው።

«ሰኞ ነው የምጀምረው።»

እትዬ አሰለፈች ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። ሐጂ ግን ትንሽ ጨነቃቸው። «እንግዲህ ጨርሰናል፤ ማን ይጥራቸው?» አሉ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ቁርጡን መናገር የኔ ድርሻ ሆኗላ።

«ትንሽ ይቆዩ» አልኩ። «ሥራ ላይ ናቸው።»