ጋሽ ግዛቸው እና የለጋሾች ዝርዝር

ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ በስልኩ የራሱን ጉዳይ የሚያይና በስልኩ የሰው ጉዳይ የሚያይ። ሁለተኛውን የማያውቅ አበሻ ዳላስ አካባቢ ካለ፣ ወይ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ነው ወይ ራሱ ያ ሰው ነው። የእኛው ክቡር አቶ ግዛቸው ይባላሉ። ካሮልተን ይኖራሉ፣ ኤርፖርት ዊልቸር ይገፋሉ፣ በተረፋቸው ጊዜ ሁላችንንም ያጣራሉ። ስማቸውን ቀይሬዋለሁ፤ የራሴንም ቀይሬያለሁ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

ድሮ የሚያጣሩት ማን ቤት እንደገዛና በስንት እንደገዛ ነበር። የፕሬዚዳንት ምርጫው ሲቃረብ ግን አንድ የመንግሥት ድረ ገጽ አገኙ። ለተወዳዳሪ ከሁለት መቶ ዶላር በላይ ያዋጣ ሰው ስሙ፣ ከተማው፣ ሥራውና የሰጠው ገንዘብ እዚያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ማንም ከፍቶ ያየዋል። ይህን ያወቁ ዕለት ከደስታ ብዛት ምሳ መብላት እንዳቃታቸው ራሳቸው ነግረውኛል።

"ፐብሊክ ሪከርድ ነው!" ይላሉ፣ ጣታቸውን ወደ ጣሪያ ቀስረው። "ማለቴ፣ ሐሜት አይደለም። መንግሥት ራሱ ነው ያወጣው።"

የመጀመሪያው ሰለባ የፕሌኖው ሕዝቅያስ ነበር። ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሲጠየቅ "ዘንድሮ ታይት ነኝ፣ እጅ አጥሮኛል" ብሎ ሃምሳ ዶላር የሰጠ ሰው፣ ለተወዳዳሪው ሦስት ሺህ መስጠቱ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ተነበበ። ሕዝቅያስ የያዘውን ሳምቡሳ አስቀምጦ ወጣ። በማግስቱ ለጣሪያው ሁለት ሺህ ጨመረ።

ቀጥሎ ተራው የጳውሎስና የሰርካዲስ ሆነ። በእኛ ደንብ ሚስት የባሏን ስም ስለማትወስድ፣ ድረ ገጹ ባልና ሚስት መሆናቸውን አያውቅም፤ ጋሽ ግዛቸው ግን ያውቃሉ። እሱ ለአንዱ ሦስት መቶ፣ እሷ ለሌላኛው ሦስት መቶ። "ስድስት መቶ ዶላር አውጥተው ዜሮ ለዜሮ!" አሉ ጋሽ ግዛቸው እያዘኑ። "በዚህ ብር ጋልቬስተን ሄደው ዓሣ በልተው አይመጡም ነበር?" ባልና ሚስቱ እስካሁን ቅዳሴ የሚመጡት በሁለት መኪና ነው።

የተወዳዳሪዎቹ ዘመቻ ያወጣው ወጪም እዚያው ተጽፏል፤ እሱንም አይምሩም። "ለአበባ አሥራ አራት ሺህ! ማን ሞቶባቸው ነው? ለፒዛ ደግሞ ዘጠኝ ሺህ፣ ያውም በጾም!"

ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔም እስቃለሁ። ግን እኔም አዋጥቻለሁ።

ጥር ላይ ከአንዱ ተወዳዳሪ አንድ መልእክት ስልኬ ላይ ገባ። "ጥዑመልሳን፣ ያለ አንተ አንችልም" ይላል። ሰው በስሙ ተጠርቶ እንዴት ዝም ይላል? ሃያ አምስት ዶላር ላክኩ። "በየወሩ" የምትለዋን ትንሽ ሳጥን አላየኋትም። በዘጠነኛው ወር ሁለት መቶ ሃያ አምስት ደረስኩ።

ታዲያ ምን ይሆናል ትሉ ይሆናል። አለቃዬን ኃይለ መስቀልን ስለማታውቁት ነው። ሕመምተኞችን ሐኪም ቤት የሚያመላልሱ ስምንት ቫኖች አሉት፤ ስምንቱም ላይ የዚያኛው ተወዳዳሪ ስቲከር ተለጥፏል። "ከሌላኛው ሰውዬ ጋር የቆመ የእኔን ቁልፍ አይዝም" ይላል። ቀልዱን አይደለም፤ ባለፈው ወር ሾፌሩን ባርናባስን በለበሰው የምርጫ ቲሸርት ምክንያት አሰናብቶታል። ባለቤቴ ዜማ ደግሞ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። የምትወልድበት ኢንሹራንስ በእኔ ሥራ በኩል የመጣ ነው።

ተስፋዬ ስሜ ላይ ነበር። ጥዑመልሳን በእንግሊዝኛ ሰባት ዓይነት ይጻፋል፤ ባንኬና መንጃ ፈቃዴ እንኳ አይስማሙም። ቀይ መብራት ላይ በቆምኩ ቁጥር ፊደሉን እየቀያየርኩ ራሴን እፈልግ ነበር። በአምስተኛው አጻጻፍ አገኘሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ እህል በደንብ አልወርድልህ አለኝ።

ያለፈው እሁድ ኃይለ መስቀል አዳራሹ ውስጥ ወንበር ስቦ ከጋሽ ግዛቸው ፊት ተቀመጠ። እኔ አጠገባቸው ሻይ ይዤ ነበር።

"ግዛቸው፣ እስኪ ሾፌሮቼን ቼክ አድርግልኝ" አለ። "ከዚህ ከጥዑመልሳን ጀምር።"

 ጋሽ ግዛቸው መነጽራቸውን አደረጉ።

"ከ'ቲ' ቀጥሎ 'አይ' ነው ወይስ 'ኢ' የምትጽፈው?"

"'አይ' ነው" አልኩ። መዋሸትም አልቻልኩም።

ጻፉ። ጠበቁ። ስልኩ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ ስለነበር እኔም አየሁት፤ ስሜ፣ ካሮልተን፣ ሾፌር፣ ሁለት መቶ ሃያ አምስት። 

"የለም" አሉ ጋሽ ግዛቸው።

"በደንብ ፈልግ እንጂ!"

"ኃይሌ፣ የለም አልኩህ እኮ። በአይም ሞከርኩ፣ በኢም ሞከርኩ። ይሄ ልጅ እኛን እንኳ ሻይ ጋብዞን አያውቅ፣ ለፕሬዚዳንት ይሰጣል?"

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ኃይለ መስቀልም ሳቀ። የሌሎቹን ሾፌሮች ስም ሊጠራ ሲል ጋሽ ግዛቸው ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት። "ባትሪ ጨርሻለሁ፤ ሌላ ቀን።"

ፓርኪንግ ውስጥ ሮጬ ደረስኩባቸው።

"ጋሽ ግዛቸው፣ አይተውታል አይደል?"

"ካየሁት ወር አልፎኛል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ሚስትህን በየእሁዱ አያታለሁ። ዓይን የለኝም እንዴ?" ተቆጡኝ። "ለነገሩ ያንተ ሰውዬ አያሸንፍም፤ እኔም ከኃይሌ ጋር ነኝ። ሶ፣ አሁን ስልክህን አውጣ። ይሄ ነገር እስካሁን በየወሩ እየቆረጠብህ ነው፤ ካንስል እናድርገው።"

የመኪናቸው ኮፈን ላይ ስልኬን አስቀምጠን፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመን መዋጮውን ስናቋርጥ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀብን። ከወር በላይ የፈራኋቸውን ሰው እንደ አባቴ ወደድኳቸው፤ አፍሬም ነበር። በመጨረሻ ስልኩ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ።

"ጻፍ" አሉኝ። የዳላስን አበሻ ሁሉ ጓዳ የሚያውቁት ጋሽ ግዛቸው ጽፌ እስክጨርስ ድረስ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።